ተጋብዞ የገባ ሌባ

የሥራ መታወቂያዬ ሊታደስ ነውና ጉርድ ፎቶ አምጣ ተብዬ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈራችን ፎቶ ቤት አመራሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፎቶ በመስታወቱ ላይ እንደ ወትሮው ተደርድሯል፤ ውስጡ ግን መብራት አልበራም። ተዘግቷል ብዬ ልመለስ ስል አንዲት ወጣት ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየተጣደፈች መጣችና በሩ ላይ ተገጣጠምን። አወቅኋት፤ የባለፎቶ ቤቱ የእህት ልጅ ናት። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተሮችን ደኅንነት ትጠብቃለች። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ አጎቷ በስልክ «ነይ» ካሏት ወዲያ ምክንያቱን ሳይናገሩ «ተይው ደግሞ» ብለው እንደዘጉባት፣ ድምፃቸውም እንዳላማራት ነገረችኝ። ተያይዘን ገባን።

ባለፎቶ ቤቱን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው «ጋሽ ፍላሽ» እያለ ነው። ትልልቆቹ ስሙን ያወጡላቸው በድሮው ካሜራቸው መብራት ነው፤ ሲያነሡ ዓይን ያጠፋ ነበር ይላሉ። የአሁን ልጆች ደግሞ ካንገታቸው ከማይለየው የፎቶ ማመላለሻ ፍላሽ የተወሰደ ይመስላቸዋል። እሳቸው ለሁለቱም ወገን «አቤት» ይላሉ። ሰው አክባሪ፣ ሥራቸውን ወዳድ፣ ከተጫወቱ የሚያስቁ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይይዛሉ፤ በቤት ውስጥ የሆነ ነገር በቤት ውስጥ መቅረት አለበት ብለው ያምናሉ። በርሳቸው ዘንድ ችግሩን ለሰው የሚያወራ ሰው ቁስሉን እያሳየ እንደሚለምን ሰው ነው።

ያን ዕለት ያገኘናቸው በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ሳይሆን ፎቶ ተነሺ በሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ነው፤ ከኮምፒውተሩ የተቻላቸውን ያህል ርቀው። ኮምፒውተሩን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነውታል። አልጠፋም፤ ከጨርቁ ሥር እንደታመመ ሰው ይተነፍሳል። የእህታቸው ልጅ ጨርቁን ስትገልጠው ከስክሪኑ አናት ላይ ባለችው ትንሽ ካሜራ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ አየን።

ምን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። ከመመለሳቸው በፊት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከእኛ ሌላ የሚሰማቸው ያለ ይመስል።

«ዕድሜ ልኬን ሰው ሳይ ኖርኩ» አሉ። «አሁን ደግሞ እኔን ማን እንደሚያየኝ አላውቅም።»

ከዚያ ቀስ በቀስ ተናገሩ። ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ከጀመረ ሰንብቷል። ምንም ሳይሠሩበት የውስጥ ማቀዝቀዣ ማራገቢያው ይጮኻል። ከዚያ የማውዙ ቀስት እጃቸው ሳይነካት በስክሪኑ ላይ ስትሄድ አዩ። ምሳቸውን ሲበሉ ደግሞ የካሜራዋ መብራት ቦግ አለ፤ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። ቫይረስ የሚከላከለው ፕሮግራም ጠፍቶ ቢያገኙት አበሩት፤ መልሶ ጠፋ። በመጨረሻ «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል፤ ለማጽዳት እዚህ ይጫኑ» የሚል ቀይ ማስታወቂያ መጣላቸው። እፎይ ብለው ተጫኑ። ከዚያ ወዲህ ባሰበት። ቢያጠፉት ዳግመኛ የማይነሣ መሰላቸው፤ እንደበራ ቢተዉት ፈሩ። ስለዚህ ሸፍነውት ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ልጅቷ ይህን ሰምታ የመጀመሪያ ሥራዋ የኢንተርኔቱን ገመድ መንቀል ሆነ። እሳቸው ብድግ አሉ፤ የደንበኛ ትእዛዝ የሚመጣው በዚያ ነዋ። እሷ ግን በእርጋታ፣ ቤት ውስጥ የገባ ሌባ ከውጭ ካለው ጓደኛው ጋር የሚነጋገረው በዚህ ገመድ መሆኑን፣ አስቀድሞ መነጋገሪያቸውን መቁረጥ እንደሚገባ አስረዳቻቸው። ቀጥላም ሐኪም በሽተኛውን እንደሚጠይቅ በቅርቡ ምን እንዳስገቡ ጠየቀቻቸው። ምንም አሉ። ደግማ ጠየቀች። ምንም አሉ። ሦስተኛ ስትጠይቅ ዓይናቸው ወደ ወለሉ ወረደ።

«ፎቶ የማሳምርበት ፕሮግራም ጊዜው አልፎ ክፍያ ጠየቀኝ። እኔም ፈልጌ ፈልጌ በነፃ የተከፈተ አገኘሁ።»

«ክራክ የተደረገ ማለትዎ ነው፤ ቁልፉ የተሰበረ።»

«እንግዲህ ስሙን አንቺ ታውቂያለሽ። ስጭነው ‹መጀመሪያ መከላከያውን አጥፋ› አለኝ፤ አጠፋሁ።»

«ጋሼ፣ አንድ የማያውቁት ሰው በርዎን አንኳኩቶ ‹ልገባ ነውና ዘበኛዎን ያሰናብቱልኝ› ቢልዎት ያሰናብቱለታል?»

«ፕሮግራሙ እኮ ይሠራል» አሉ ሽማግሌው፤ ነገሩ አሁንም አልዋጥ እንዳላቸው ያስታውቃል። «የሙሽራዋን ፊት እንዴት አድርጎ እንዳጠራልኝ ብታዪ። ሌባ ቢሆን ሥራ ይሠራልኛል?»

«ባይሠራልዎትማ ወዲያው ያወጡት ነበር። ትሮጃን የምንለው ይህን ነው። ሌላው ቫይረስ ሾልኮ፣ ቀዳዳ ፈልጎ ይገባል። ትሮጃን ግን ጠቃሚ ነገር መስሎ ይመጣና ባለቤቱ ራሱ በሩን ከፍቶ ያስገባዋል። ፎቶ ያሳመረልዎት ፊት ለፊት ያለው ነው። ከኋላው ያለው ደግሞ የሚጽፉትን ያነባል፣ የይለፍ ቃልዎን ይለቅማል፣ ካሜራውን ይከፍታል። ያ ቀዩ ማስታወቂያም ‹ላጽዳልህ› ብሎ የመጣ ሁለተኛው ሌባ ነው።»

እኔ በአንድ ጤና ጣቢያ ስለ ተላላፊ በሽታ አስተምራለሁ። ይህን ስሰማ ስንቱ በሽተኛ ፊቴ እንደመጣብኝ ልነግራችሁ አልችልም። ካልታወቀ ሰው የገዛውን ክኒን ውጦ «ለጊዜው እኮ አሻለኝ» የሚል ስንት ሰው አለ። የሚጎዳ ነገር ሁሉ መራራ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር።

ጋሽ ፍላሽ ጉዳዩ በቀላሉ እንዲያልቅ ፈለጉ። ፕሮግራሙን ወደ ኮምፒውተሩ የቆሻሻ ቅርጫት ስለጣሉት አልቋል ባይ ሆኑ። እሷም የጣሉት ሌባው የለበሰውን ካባ እንጂ ሌባውን እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ያሰበችውንም ዘረዘረችላቸው። የይለፍ ቃሎቻቸው ሁሉ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ዛሬውኑ ይቀየራሉ፤ በታመመው ላይ መቀየር ሌባው ቆሞ እያየ አዲስ ቁልፍ እንደማስቀረጽ ነውና። ከዚያ ኮምፒውተሩ ይመረመራል፤ የማይድን ከሆነ ሁሉም ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጫናል። እስከዚህ ድረስ አጉረመረሙ እንጂ አልተቃወሙም። የመጨረሻውን ስትነግራቸው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። ለደንበኞቻቸው መነገር አለበት አለች። ደንበኛ የሚያናግሩበት የመልእክት መላኪያ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይውላል፤ የሰዎች ፎቶና መታወቂያም እዚያው ነው።

«ይህን አላደርግም» አሉ። «ፎቶ ቤት የሚኖረው በእምነት ነው። እናት ሕፃኗን ታሳየኛለች፣ ሙሽራ ለባሏ ያላሳየችውን ቀሚስ እኔ ጋ ትለብሳለች። ‹ኮምፒውተሬ ውስጥ ሌባ ገብቶ ነበር› ካልኩ ነገ ማን ይመጣል? ላጽዳ ካልሽ አጽጂው። ከዚህች ክፍል ግን ቃል እንዳይወጣ።»

«እምነት የጣሉብዎት ሰዎች ናቸው እኮ መጠንቀቅ ያለባቸው።»

«የሰውን ገመና መሸፈን ነውር ሆነ ዛሬ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። እናንተ ጤና ጣቢያ የበሽተኛውን ምሥጢር አደባባይ ታወጣላችሁ?»

ጥያቄው ከባድ ነበር፤ እውነትም አለበት። አናወጣም አልኳቸው። የበሽተኛው ስም በእኛ ዘንድ ይቀበራል። ነገር ግን ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው ሲመጣ አብሮት የኖረውን፣ አብሮት የበላውን ፈልገን እናገኛለን፤ «ሳትታመም አልቀረህምና ተመርመር» እንለዋለን። የምንሰውረው ሰውየውን ነው፤ በሽታውን አይደለም። በሽታውን ከሰወርንለትማ ለበሽታው አገልጋይ ሆንን ማለት ነው።

 ሽማግሌው ግን አልተቀበሉኝም። መንፈቅ እንኳ ሳያልፍ ሁሉም ይረሳዋል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብለው ሲያስቡ ከፊታቸው አነበብኩት። የእህታቸው ልጅም ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት በሩ ተከፈተ።

የገባችው ከመንገዱ ማዶ የምትሠራው ልብስ ሰፊ ናት። ሁልጊዜ የማውቃት መለኪያዋን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ክር በልብሷ ላይ ተበትኖ ነው። ያን ዕለት ግን ጥሩ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯንም ተሠርታለች። ልጇን በሕመም ያጣች ሴት ናት። ብቸኛ ልጇ ነበር። ከሞተ ወዲህ እጇ ላይ የቀረው ፎቶ ትንሽ ስለሆነ ጋሽ ፍላሽን «ድንገት ካነሡት ውስጥ ቢገኝ» ብላ ለምናቸው ነበር። እሳቸውም እፈልግልሻለሁ ብለው በሥራ ብዛት ሳይፈልጉ ቀርተዋል። ስልኳን እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ እንደያዘች ሁሉ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ጋሼ፣ መልእክትዎ ደረሰኝ» አለች። «ብነካው ብነካው አልከፈት አለኝ። መርፌ ጣቴን ስላሻከረው ይሆናል ብዬ እኔው መጣሁ። የትኛው ነው የተገኘው? የትምህርት ቤቱ ነው?»

ጋሽ ፍላሽ ስልኩን ተቀበሏት። እኔም ከጎናቸው ሆኜ አነበብኩ። በስማቸው፣ ከራሳቸው ፎቶ ጋር የመጣ መልእክት ነው፤ «ፎቶዎ ተገኝቷል። ለማየት እዚህ ይጫኑ» ይላል። ለእሷ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ሌባው በስልክ ማውጫቸው ውስጥ ላገኘው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል በትኗል። ለሌላው ሰው የዋዛ ነገር ነው። ለእሷ ግን በዓለም ላይ ከሚጻፉት ቃላት ሁሉ የምትጠብቀው ያንን ነበር።

ሽማግሌው አንብበው ሲጨርሱ እንደገና አነበቡት።  «ገና አላለቀም፣ ሌላ ቀን ነይ» ቢሉ በዚያው ያልፍ ነበር። ያ ቃል ከንፈራቸው ላይ ሲደርስ አየሁት፤ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ከዚያ በርጩማዋን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ።

«እህቴ፣ ተቀመጪ» አሉ። «ይህን የላክሁልሽ እኔ አይደለሁም። ኮምፒውተሬ ውስጥ ሌባ ገብቶ በስሜ የላከው ነው። በሩን የከፈትኩለትም እኔው ነኝ። የልጅሽ ፎቶ አልተገኘም። እንዲያውም አልፈለግሁልሽም።»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ስልኩን እንጂ እሳቸውን አላየችም።

«ከጠዋት ጀምሮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

 አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለን ነበር።

ወጣቷ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ መልእክቱን ስትነካው ምን እንደጠየቃት በለሆሳስ ጠየቀቻት። ስልክ ቁጥሯንና የይለፍ ቃሏን ጻፊ ብሏት መጻፏን ነገረቻት። ልጅቷ ስልኩን ለመንካት ፈቃድ ጠይቃ እዚያው የይለፍ ቃሉን አስቀየረቻት፤ በእሷ ስም ከሩቅ የገባ አንድ የማይታወቅ ስልክም አገኘችና አስወጣችው። ሌባው ገና ሥራ አልጀመረበትም ነበር። ብትዘገይ ኖሮ ከእሷም ስልክ ለዘመዶቿ ሁሉ ይጽፍ እንደነበር አስረዳቻት።

ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ጋሽ ፍላሽ በመስታወቱ ወደ መንገዱ ሲመለከቱ ቆዩ።

«ስንት ሰው ይሆን እንዲህ ለብሶ የሚመጣ?» አሉ።

የእህታቸው ልጅ ከፈለጉ እሷ ለደንበኞቹ እንደምትደውልላቸው ነገረቻቸው። እምቢ አሉ። ያስገባሁት እኔ፣ የምናገረውም እኔ አሉና እሷ በራሷ ኮምፒውተር የይለፍ ቃሎቻቸውን እየቀየረች እሳቸው ስልካቸውን አንሥተው መደወል ጀመሩ።  የመጀመሪያዎቹን ሲያናግሩ ዓረፍተ ነገሩን እየጀመሩ ይተዉት ነበር፤ እየቆየ ግን «ከእኔ የመጣ መልእክት ካለ አትክፈት፤ ከፍተኸውም ከሆነ አትፈር፣ ንገረኝ» የምትል አጭር ቃል አፋቸው ላይ ተሠራች። አንዱ ተቆጥቶ የሰደባቸው ነበር፤ ተቀበሉ። አብዛኛው አመሰገናቸው። አንድ የትምህርት ቤት መምህር ደግሞ መልእክቱን ከፍቶ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ልቡ አልረጋ ብሎት ለሰው መናገር አፍሮ እንደዋለ ነገራቸው። ስልኩን ሲዘጉ «እሱም ደብቆ ነበር» አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ።

አንባቢዬ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ አይምሰልዎ። መናገር ፍርሃትን ያቀልላል እንጂ ኮምፒውተር አያጸዳም።

በማግስቱ ልጅቷ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር በጠዋት መጣች። እኔም ፎቶዬን ስላላገኘሁ፣ እውነቱን ለመናገር መጨረሻውን ለማየት ጓጉቼ፣ መጣሁ። ከመሥሪያ ቤቷ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ መመርመሪያ የጫነችበት ፍላሽ ይዛለች። ሥራው ሲያልቅ ፍላሹ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደማይሰካ ስትናገር፣ አንዴ የተወጋንበት መርፌ ማለት ነው አልኳት። ልክ እንደዚያ ነው አለች። ኮምፒውተሩን የግድ የሚያስፈልጉት ነገሮች ብቻ እንዲነሡ አድርጋ ከፈተችውና ምርመራው ጀመረ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር በዝግታ ትሞላለች። ጋሽ ፍላሽ የካሜራ መስታወት ይወለውላሉ፤ ያው የተወለወለውን መልሰው ይወለውላሉ። መስመሯ ከቆመች እጃቸው ይቆማል፤ ከተንቀሳቀሰች ይንቀሳቀሳል። ቀይ ጽሑፍ ብቅ ባለ ቁጥር ትንፋሻቸውን ሲውጡ እሰማለሁ።

መመርመሪያው በርከት ያለ ነገር አግኝቶ አጠፋ። ማቀዝቀዣው ጸጥ አለ። ክፍሉም አብሮ ጸጥ አለ። ሽማግሌው ተገላገልን ብለው ፊታቸው ፈካ፤ እኔን ጉርድ ፎቶ ሊያነሡኝም መጋረጃውን ይስቡ ጀመር። ልጅቷ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሥቶ ሳይታይ ድኗል እንደማይባል ነገረቻቸው። አጥፍታ አስነሣችው። ተቀምጠን ጠበቅን። መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው። በፕላስተሩ ዙሪያ፣ እንደ ቀጭን ክር፣ አረንጓዴ ብርሃን ወጣ።

 ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው ከካሜራው ፊት ገለል አሉ።

ልጅቷ ፈልጋ አገኘችው። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ፣ ስሙን የኮምፒውተሩ የራሱ አካል አስመስሎ የሰየመ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የተነቀለውን ሁሉ ከደበቀው ቅጂ እያወጣ መልሶ ይተክላል። ይህን አጠፋዋለሁ፣ ሌላ እንደሌለ ግን ልምልልዎ አልችልም አለቻቸው። የሚያስተማምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎርማት ማድረግ።

«ፎርማት ማለት ሁሉን ማጥፋት አይደለም እንዴ?»

«አዎ ጋሼ። ባዶ እናደርገውና ሁሉንም ከትክክለኛው ምንጭ እንደ አዲስ እንጭናለን።»

«በዚህ ውስጥ እኮ የሞቱ ሰዎች አሉ» አሉ። «የፈረሱ ቤቶች አሉ። ዛሬ አያት የሆኑ ሰዎች ሕፃን ሆነው አሉ። የዚህ ሰፈር ዓይን ነው ይሄ። ሌባውን ለማስወጣት ብዬ ቤቱን ላቃጥል?»

«የእነዚህ ፎቶዎች ሌላ ቅጂ የት አለ?»

ወደዚያው ኮምፒውተር ጠቆሙ።

«እንግዲህ ሌባ ባይገባም፣ ይህ ዲስክ አንድ ቀን ድንገት ቢሰበር ሁሉም አብሮ ሊሄድ ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ክር ላይ አንጠልጥለውት ነው የኖሩት። እኔ አጥፉት አላልኩም። መጀመሪያ ፎቶዎቹን ብቻ እናወጣለን፤ ፕሮግራም የሚባል ነገር አንዱም አይወጣም። የወጣውን በንጹሕ ኮምፒውተር እንመረምራለን። በሁለት ዲስክ እናስቀምጣለን። ከዚያ በኋላ ነው የምናጠፋው። እሺ ካላሉኝ ግን አልነካውም፤ የእርስዎ ነው።»

ሽማግሌው እንደገና ወደ እኔ ዞሩ። በዚህ ጊዜ የፈለጉት ፍርድ ሳይሆን የሚያደፋፍራቸው ሰው ነበር። መግል የቋጠረ ቁስል ከላይ ቢሰፋ ለጊዜው ያማረ ይመስላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን አጥንት ድረስ ይሄዳል፤ ሐኪም ሲከፍተው ያማል፣ የሚድነው ግን ያን ጊዜ ነው አልኳቸው። ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ አዩትና «ክፈቺው» አሏት።

ፎቶዎቹን ማውጣቱ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። አንዳንዱ የድሮ ፋይል አልከፈት ብሎ ቀረ፤ ተበላሽቷል። የማን ፎቶ እንደነበር ሽማግሌው ከስሙ ያውቁታል፤ አንድ በአንድ ስማቸውን ሲጠሩ ክፍሉ የለቅሶ ቤት መሰለ። የቀረው ግን ወጣ። በንጹሑ ኮምፒውተር ላይ እያየን ስንመረምረው እሳቸው አንድ ፊት ይፈልጉ ነበር፤ የልብስ ሰፊዋን ልጅ። እያንዳንዱን የትምህርት ቤት ፎቶ እያጎሉ፣ ከኋላ የቆሙትን ልጆች ሁሉ እያዩ ፈለጉ። አልነበረም። መንገዱን ተሻግረው ሄደው ይህንኑ ነገሯት። እሷም የስፌት መኪናዋን አቁማ «ዛሬስ ፈልገውልኛል» አለቻቸው። ሲመለሱ ይህን ነገሩን።

ሲመሽ ልጅቷ «ላጥፋው?» ብላ ጠየቀች። ራሳቸው ይጫኑት ዘንድ ማውዙን ሰጠቻቸው። ጣታቸውን ከላዩ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ተጫኑት። ያን ጊዜ ከፊታቸው ያነበብኩትን ጭንቀት ቀዶ ጥገና ቤት በር ላይ በቆሙ አባቶች ላይ እንጂ በሌላ ቦታ አላየሁም። በማግስቱ ኮምፒውተሩ በአዲስ መልክ ተነሣ። ፎቶዎቹ ገቡ። የካሜራዋ መብራት አልበራም። ያም ሆኖ ፕላስተሩን ለመንቀል ብዙ ቀን ፈጀባቸው፤ ፍርሃት ከኮምፒውተር ፈጥኖ ይጸዳል ያለ ሰው የለም።

ዛሬ በዚያ ፎቶ ቤት ብዙ ነገር ተለውጧል። ጋሽ ፍላሽ ፕሮግራም ሲፈልጉ ከሠሪው ዘንድ ብቻ ያወርዳሉ። የሚከፈልበት አቅማቸውን ካለፈ፣ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚሰጠውን የእህታቸው ልጅ አሳይታቸዋለች፤ ሙሽራዋንም ከፊተኛው ባልተናነሰ ያሳምራል ይላሉ። መከላከያውን አጥፋ የሚላቸው ነገር ከመጣ እሱን ራሱን ያባርሩታል። ኮምፒውተሩ ራሱን ላድስ ሲል «ቆይ ነገ» ማለት ትተዋል። ደንበኛ ይዞት የሚመጣው ፍላሽ ሳይመረመር አይከፈትም፤ «እጅህን ታጠብ» እንደማለት ነው ስለሚሉ ማንም ሳይከፋው ይቀበላል። የይለፍ ቃላቸው ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ሰው በስማቸው ከሌላ ስልክ ሊገባ ከሞከረም መጀመሪያ በራሳቸው ስልክ ፈቃድ ይጠየቃሉ። የፎቶዎቹ ቅጂ አንዱ በእህታቸው ልጅ ቤት ስላለ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያውን እያዩ አይጨነቁም። ደንበኛም አልቀነሰባቸውም። ሰው የሚሸሸው ከተሰረቀ ቤት ሳይሆን መሰረቁን ከደበቀ ቤት መሆኑን እኔም ከዚህ ተማርኩ። ብንጠነቀቅ ያተርፈናል፤ ብንወድቅ ደግሞ ፈጥኖ መናገር ሌላውን ያተርፋል።

በቅርቡ ያነሡኝን ጉርድ ፎቶ ልወስድ እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከመንገዱ ራስ ላይ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ገባ። ግራ ቀኝ አይቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ ኮምፒውተሩ በራሱ መጻፍ እንደጀመረ፣ ነገሩ ከጀመረ መሰንበቱን፣ ደንበኞቹ እንዳይሰሙ ዝም ማለቱን ነገራቸው። ጋሽ ፍላሽ ያደረጉትን መነጽር አወለቁ።

«ጋሼ፣ እባክዎ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር» አላቸው።

ሽማግሌው ተነሥተው በሩን መልሰው ከፈቱት።

«በእኔና በአንተ መካከል ከቀረማ በሽታው የሚራባው እዚያው ነው» አሉት። «መጀመሪያ ሂድና የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀል። ከዚያ ተመለስና ከአንተ ዘንድ ፍላሽ ሰክቶ የሄደ ማን ማን እንደሆነ አብረን እናስብ።»